አቅመ ሔዋንና አቅመ አዳም ስለሚደርሱ ልጆች የወላጆች ግዴታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ በምዕራፍ 5 ከቁጥር 21 ጀምሮ ሁለት ታሪኮችን፥ አንዱን በሌላው ውስጥ አግብቶ ጽፎልናል። የምኵራብ አለቃ የነበረው ኢያኢሮስ ታናሽ ልጁ ለሞት ብትቀርብበት ወደ ጌታችን ወደ መድኃኒታችን ወደ ኢየሱስ ክርስቶስ መጥቶ ከእግሩ ሥር ወድቆ ለመነ። ጌታም ልመናውን ተቀብሎ አብሮት ሲሄድ ደም የሚፈስሳት ሴት በሕዝቡ መካከል ከበስተኋላው ቀርባ ልብሱን ዳሰሰች። ወንጌላዊው ይህች ሴት በደዌ የኖረችበትን ዘመን ሲቈጥር 12 ዓመት ይላል፤ የኢያኢሮስን ልጅ ዕድሜ ሲቈጥርም እንዲሁ 12 ዓመት ይላል። እንግዲህ አንዲቱ በተወለደችበት ዘመን ሌላይቱ መድማት ጀመረች ማለት ነው። እኛም ይህን ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቍጥር እያሰብን ዛሬ በብዙ ቤት ክርክር ስላስነሣ አንድ ነገር ልንነጋገር ወደድን። ይኸውም ልጆቻችን ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው በሰውነታቸው የሚሆነውን ነገር ማን ይንገራቸው? መቼስ ይንገራቸው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ወደዚህ ነገር ያመጣን ምክንያት ይህ ነው። ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር ከምናገለግልበት ደብር አጠገብ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ስለ ሰውነት ዕድገት፥ ስለ ወር አበባና ስለ ንጽሕና አጠባበቅ የሚያስተምር መሆኑን ለወላጆች አስታወቀ። በእሑድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ ቀን ንግግር ሦስት ሐሳብ ለይተን ያዝን።

የመጀመሪያው፥ ልጅ ያላወቀውን ማሳወቅ ዐይኑን መክፈት ነው፤ ዐይኑ የተከፈተ ልጅም ያየውን ይመኛል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ይህ ትምህርት ከባዕድ ሀገር የመጣ ስለ ሆነ ዛሬ በንጽሕና ስም ይገባል፤ ነገ ግን ሃይማኖታችን የማይቀበለውን ነገር ያስከትላል የሚል ነው። ሦስተኛው በዝቅተኛ ድምፅ የተነገረ ነው። አንዲት እናት፦ «እኔ አፌን ሞልቼ ልነግራት አልችልም፤ እናቴም ለእኔ አልነገረችኝም፤ መምህራኑ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል» አለች። በዚህ ጊዜ ሌሎቹ ሴቶች ወደ መሬት ተመለከቱ፤ ወንዶቹም እንዳልሰሙ ሆኑ።

በመጨረሻም ወደ እኛ ዘወር ብለው፦ «አባታችን፤ እርስዎ ሄደው ይህን ነገር ያስቁሙልን» አሉን። እኛም እሺ አልን። መጽሐፉን ሳናይና መምህሩን ሳንጠይቅ እሺ ማለታችን ስሕተት እንደ ነበረ ኋላ ገባን።

ወደ ትምህርት ቤቱ ለመሄድ የቀጠርነው ቀን ሳይደርስ አንዲት እናት ከቤታችን መጣች። አሁን የምንናገረው ከንስሐ ውጭ የተነገረን ነው፤ እናቲቱም ልጅቱም ሌላውን ይጠቅም እንደ ሆነ ስማቸው ሳይጠራ እንድንጽፈው ፈቅደውልናል። ልጅቱ 12 ዓመቷ ነው። ከፍልሰታ ጾም ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መምጣትን ትታለች፤ ከሰንበት ትምህርት ቤትም ቀርታለች። ማታ ማታ ከቤተ ሰቡ ጋር ትጸልይ የነበረችው ልጅ አሁን ራሴን አመመኝ እያለች ትተኛለች። አባቷ መንፈስ ያዛት ብሎ ወደ ጠበል ሊወስዳት አስቧል፤ ጎረቤቶች ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር መጠርጠር ጀምረዋል።

ልጅቱ ብዙ ከተለመነች በኋላ ለእናቷ የነገረቻት ይህ ነበረ። በፍልሰታ ከእኩዮቿ ጋር ጾማ ቅዱስ ቍርባን ተቀበለች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም አየች። ከቅዳሴ በኋላ ለሕፃናቱ፦ «የቆረበ ሰው እንዳይተፋ፥ እሾህ እንኳ ወግቶት እንዳይደማ መጠንቀቅ አለበት» ተብሎ ሲነገር ሰምታ ነበርና፥ የክርስቶስን ደም ያፈሰስሁ እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር ተቈጥቶ ይህን ደዌ አመጣብኝ ብላ አመነች። አሮጌ ነጠላ እየቀደደች በስውር ተጠቀመችበት፤ ጨርቁንም በጓሮ ቀበረችው። በሚቀጥለው ወር ደሙ ሲመለስ ቅጣቱ ያላለቀ መሆኑ ነው ብላ ደመደመች። ከዚያ ወዲያ መጸለይን ፈራች፤ የቤተ ክርስቲያንን ደጅም ማየት ፈራች።

ወገኖቻችን፤ ያንን ቃል ለሕፃናቱ የተናገርነው እኛ ነን። ቃሉ ለቅዱስ ቍርባን የሚገባውን ክብር የሚያስተምር ነው፤ ዛሬም እንናገረዋለን። ነገር ግን በፊታችን ከቆሙት ሴቶች ልጆች መካከል በዚያው ቀን ልማደ አንስት የሚመጣባት ልትኖር እንደምትችል አላሰብንም፤ ያ ቢሆን ኀጢአት እንዳይደለም አላስረዳንም። ከአንድ መቶ ልጆች አንዲቱ የቀረውን ቃል በፍርሃት ሞላችው።

ልጅቱን በእናቷ ፊት አነጋገርናት። «ልጄ፤ አንቺ ምንም አላፈረስሽም። ይህ እግዚአብሔር ሔዋንን ሲፈጥር ያሰበው ሥራ ነው፤ እናትሽም አያትሽም እንዲሁ ነበሩ» አልናት። ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፦ «አባ፤ ታዲያ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» አለችን። ለዚህ ጥያቄ የሰጠናት መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለእርሷ መልስ ይሆን ዘንድ ነው።

በዚያው ሳምንት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደን ነገሩን ከማስቆም በፊት መጽሐፉን ለመንን። መምህሩም በደስታ ሰጠን፤ ሌሊቱን ስናነበው አደርን። በውስጡ ያገኘነው ይህን ይመስላል። የሴት ልጅ ሰውነት ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ፥ የወንድ ልጅ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ መለወጥ ይጀምራል። ሴት ልጅ ጡቷ ማጐጥጐጥ ከጀመረ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ የወር አበባ ታያለች። ማኅፀን ለፅንስ ያዘጋጀችው ምንጣፍ ፅንስ ሳይኖር ሲቀር ይፈርሳል፤ የሚፈስሰውም እርሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀኑን ጠብቆ ላይመጣ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ወር ቢዘገይ ወላጆች በልጃቸው ላይ ክፉ ለመጠርጠር ሊቸኵሉ አይገባም። የወንዱ ልጅ ድምፅ ጎርናና ይሆናል፤ ጠጕር ያበቅላል፤ በእንቅልፉም ዘር ይፈስሰዋል።

ይህን ሁሉ አንብበን ስናበቃ በልባችን፦ «ይህንስ ከየኔታ ተምረነው የለምን?» አልን። በመጻሕፍት ቤት ብሉያትን ስንማር የኔታ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15ን ሲተረጕሙልን አላፈሩም፤ እኛም አልሳቅንም። ሊቃውንቶቻችን የሴቶቹን ልማደ አንስት፥ ትክቶም ብለው፥ የወንዶቹንም ሕልመ ሌሊት ብለው ሰይመዋቸዋል። ስም ያለው ነገር በሀገሩ የሚታወቅ ነገር ነውና ለዚህ ነገር ቋንቋ የለንም፤ ከባዕድ መዋስ አለብን ማለት አይቻልም። ቃሉ በመጽሐፋችን ተቀምጦ ሳለ ከአፋችን የጠፋ በእኛ ስንፍና ነው።

መጻሕፍትን እንመርምር። ኦሪት ዘፍጥረት በ18፥11 ሣራ ልማደ አንስት እንደ ቀረባት በግልጥ ይናገራል። በ31፥35 ራሔል በአባቷ ፊት ይህንኑ ምክንያት ስትሰጥ እናያለን፤ ላባም ነገሩ ምን እንደ ሆነ የገባው አባት ስለ ነበረ ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ16፥7 እግዚአብሔር ኢየሩሳሌምን ያሳደገበትን ፍቅር ሲያስረዳ በጕርምስና የምታድግን ልጃገረድ ሰውነት ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል። መንፈስ ቅዱስ በነቢይ አፍ ለመናገር ያላፈረበትን ነገር እናት ለልጇ በጓዳ ለመንገር ለምን ታፍራለች?

ዘሌዋውያን 15ን ብዙ ሰዎች የሴቶች ምዕራፍ አድርገው ያስቡታል። ገልጦ የሚያነብ ግን ምዕራፉ በወንድ እንደሚጀምርና እስከ ቁጥር 18 ድረስ ስለ ወንድ እንደሚናገር ያገኛል፤ ስለ ሴት የሚናገረው ከቁጥር 19 ወዲህ ነው። ሥርዓቱ ለሁለቱም የተሰጠ ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን በወር አበባዋ ያለች ሴት ወደ ውስጥ ሳትገባ በውጭ ቆማ ትጸልያለች፤ ሕልመ ሌሊት ያገኘው ወንድም ካህን ቢሆን እንኳ በዚያ ቀን ወደ ቅድሳት አይቀርብም። ይህ ቅድሳትን የማክበር ሥርዓት ነው፤ የሰውየውም የሴቲቱም ኀጢአት ተብሎ የተቈጠረ አይደለም። ቅዱስ አትናቴዎስ በአራተኛው መቶ ዓመት ለመነኵሴው ለአሙን በጻፈው መልእክት እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም መሆኑን አስረድቶ፥ ያለ ፈቃድ ከሰውነት የሚወጣ የተፈጥሮ ፈሳሽ ሰውን እንደማያረክስ አስተምሯል። ከእርሱ በፊት የነበረው ዲዮናስዮስ ዘእስክንድርያም ሴቶች በዚያ ጊዜ ወደ ቅዱስ ቍርባን እንዳይቀርቡ ሲያዝዝ፥ ከጸሎትና ጌታን ከማሰብ ግን አልከለከላቸውም። ያቺ የ12 ዓመት ልጅ ይህን አንድ ነገር አውቃ ቢሆን ጸሎቷን ባልተወች ነበረ።

አሁን ወደ ወላጆቹ ሐሳብ እንመለስ።

ዐይናቸው ይከፈታል ለሚሉን አባቶች እንዲህ እንላለን። ፍርሃታችሁ ከፍቅር የመጣ ነውና አንንቀውም። ነገር ግን ዝምታ የልጅን ዐይን ሲዘጋ አላየንም። ልጁ ከአባቱ ያላገኘውን ከእኩያው ያገኘዋል፤ ከእኩያው ያላገኘውን ዛሬ በእጁ ከያዘው ስልክ ያገኘዋል፤ ከዚያ የሚያገኘው ግን ፍቅርም ሕግም የሌለበት ርኵሰት ነው። በልዩ ልዩ ሀገር የተደረጉ ጥናቶችም በሥርዓት የተሰጠ ትምህርት ልጆችን ወደ ሩካቤ ሲያቻኵል እንዳልተገኘ ያስረዳሉ። ደግሞም ያላወቀ ልጅ ራሱን መጠበቅ አይችልም። በ2ኛ ሳሙኤል 13 ትዕማር በገዛ ወንድሟ በአምኖን ከተደፈረች በኋላ አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት፤ ንጉሥ ዳዊትም ተቈጣ እንጂ አልፈረደም። የዚያ ቤት ዝምታ በሁለት ዓመት ውስጥ ወንድምን በወንድም አስገደለ። ሶስና ግን ሁለቱ ሽማግሎች ባስገደዷት ጊዜ ጮኸች፤ ጩኸቷም አዳናት። ልጆቻችን የትዕማርን ዝምታ ሳይሆን የሶስናን ጩኸት ይማሩ ዘንድ የሰውነታቸውን ክፍል በስሙ መጥራት፥ የማይገባ እጅ ሲነካቸውም፥ የዘመድም የመምህርም የካህንም እጅ ቢሆን፥ ለወላጅ መናገር እንዲችሉ ማድረግ አለብን።

ከባዕድ የመጣ ነው ለሚሉን ደግሞ እንዲህ እንላለን። መጠንቀቃችሁ ተገቢ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት የሳይንስና የባህል ድርጅት ስለዚህ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2009 መመሪያ አውጥቶ በ2018 አሻሽሎታል፤ በዚያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያናችን የማትቀበለው ሐሳብ አለ፤ ይህን ለማለት አናፍርም። ነገር ግን ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥21 የሚያዝዘው ሁሉን መርምረን መልካሙን እንድንይዝ ነው፤ ሳይመረምሩ መጣልም ሳይመረምሩ መቀበልም ከትእዛዙ ውጭ ነው። በወሬ የሚፈርድ ብዙ ይሳሳታል። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በተጀመረ ጊዜ ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ሰምተን ነበር፤ ወሬው ሐሰት ነው፤ ክትባቱ ከደዌ ይጠብቃል። ስለዚህ አባት ሆይ፤ የልጅህን መጽሐፍ ተቀብለህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብብ። የማትቀበለው ነገር ብታገኝ ገጹን ይዘህ ወደ መምህሩ ሂድና በትሕትና ጠይቅ፤ መጠየቅ መብትህ ነው። ገጹን ሳታይ ግን አትቈጣ።

ትምህርት ቤቱ ይንገርልን ለምትለው እናት የምንናገረው ከሁሉ ይልቅ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። እንግዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ስለ ደምና ስለ ውኃ፥ ስለ ሳሙናና ስለ ንጹሕ ጨርቅ ያስተምራል እንጂ ሰውነት የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን፥ ድንግልና ክብር መሆኑን፥ ተክሊል ምሥጢር መሆኑን ሊያስተምር አይችልም። ባነበብነው መጽሐፍም ያላገኘነው ይህንን ነው። ይህን ባለማግኘታችን መምህሩን መውቀስ አይገባንም፤ ይህ ክፍል ለእኛ የተተወ ርስታችን ነውና። ዘዳግም በ6፥7 ልጆችን በቤት ሲቀመጡም በመንገድ ሲሄዱም ማስተማርን ያዘዘው ወላጆችን ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳኑ የሕፃንን ነፍስ አዲስ እንደ ተሠራች ከተማ፥ ሕዋሳቱንም እንደ በሮቿ መስሎ፥ የበሮቹን ጥበቃ ለወላጆች ሰጥቷል። በረኛ የከተማውን በር ስም መጥራት ካፈረ በምን ይጠብቀዋል? ካህኑ ዔሊ የልጆቹን ጥፋት እያወቀ ስላልከለከላቸው በቤቱ ላይ የመጣውን ፍርድ በ1ኛ ሳሙኤል 3 እናነባለን፤ ይህ በተለይ ለእኛ ለካህናት የተጻፈ ነው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። በየገጠሩ ልጅቱ ደም ካየች ለባል ደርሳለች የሚል ልማድ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15 አድርጎት ነበረ፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለወንድም ለሴትም 18 አድርጎታል። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳያልፋቸው ያገቡ ሆነው ተገኝተዋል። የወር አበባ የዕድገት መጀመሪያ ነው፤ የዕድገት ፍጻሜ አይደለም። የልጅቱ ዳሌ ዐጥንት ገና ሳይሰፋ ብትፀንስ ምጥ ይጸናባታል፤ ከጸናው ምጥም ፌስቱላ የሚባለው ሽንትን የማያስቋጥር ቍስል ይመጣል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ ሀገራችን መጥተው በ1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙት እንደዚህ ያሉትን ምስኪኖች ለመፈወስ ነው። ዶክተር ካትሪን በ2012 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ዕድሜያቸውን ለዚህ ሥራ ሰጡ። ባዕዳን የልጆቻችንን ቍስል ሲያጥቡ ከኖሩ፥ እኛ ቍስሉ እንዳይመጣ አንድ ቃል መናገር ያቅተናልን?

እንግዲህ ወደ ኢያኢሮስ እንመለስ። ኢያኢሮስ የምኵራብ አለቃ ነው፤ የሕጉ ጠባቂ ነው። ልጁ እየሞተችበት ሲቸኵል ጌታ በመንገድ ቆመ፤ ማን ዳሰሰኝ ብሎም ጠየቀ። ሴቲቱ እየተንቀጠቀጠች ወጥታ እውነቱን ሁሉ ተናገረች። ያ አለቃ በአደባባይ ስለ ሴት ደም የተነገረውን ቆሞ ይሰማ ዘንድ ግድ ሆነበት። ጌታም አልተጸየፋትም፤ አልገሠጻትም፤ ልጄ ብሎ ጠራት እንጂ። አንድም፥ አባት የሆነ ሁሉ የሌላይቱን ሴት ሕመም ቆሞ ሳይሰማ የገዛ ልጁን ለማዳን እንደማይደርስ ያስተምረናል።

ከዚያም ወደ ቤት ሲገቡ ጌታ የሚስቁበትን ሁሉ አስወጣ። ከእርሱ ጋር ያስገባው ሦስቱን ደቀ መዛሙርትና የልጅቱን አባትና እናት ብቻ ነው። እጇን ይዞ አስነሣት፤ የሚበላ እንዲሰጧትም አዘዘ። በዚህ ሥርዓቱን ሁሉ እናገኛለን። ለሴቲቱ በአደባባይ ተናገረ፤ ለሕፃኒቱ በጓዳ ሠራ። ስለዚህ ለሁሉ የሚነገር አለ፤ በቤት ውስጥ የሚነገርም አለ። የሚስቁት ወጡ፤ ስለዚህ ይህ ትምህርት በሳቅና በፌዝ አይሰጥም። አባትና እናት ገቡ፤ ስለዚህ ወላጅን በውጭ አቁሞ ልጅን ማስተማር አይገባም፤ ወላጅም ራሱን በውጭ ሊያቆም አይገባውም። የሚበላ ስጧት አለ፤ ስለዚህ የሥጋዋን ድካም ማሰብ መንፈሳዊ ሥራ ነው።

ከዚህ ተነሥተን የምንመክረው ይህ ነው። እናት ልጇ 9 ወይም 10 ዓመት ሲሆናት፥ ደም ከማየቷ በፊት፥ ምን እንደሚመጣባትና ምን ማድረግ እንደሚገባት ትንገራት፤ ንጹሕ ጨርቅ ወይም መጠበቂያ ታዘጋጅላት፤ ጨርቁ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ መድረቅ እንዳለበት ታሳያት። አባት ለወንድ ልጁ እንዲሁ ያድርግ፤ የእኅቱንም ነገር ይንገረው። በትምህርት ቤት የልጃገረድ ቀሚስ ደም ሲነካው የሚስቁት ከቤታቸው ያልተነገራቸው ወንዶች ልጆች ናቸውና። በጾም ወራት ደም ለሚፈስሳት ልጅ ምስርና ሽንብራ፥ ጎመንም አይጕደልባት፤ ድካም ቢበረታባት ወደ ሐኪም ትሂድ፤ የንስሐ አባቷም እንደ ሕመምተኛ ይያት። መምህራን ሴቶችን በሴት መምህርት፥ ወንዶችን በወንድ መምህር ቢያስተምሩ ኀፍረትን ያቀልላል፤ ወላጆችን አስቀድመው ጠርተው መጽሐፉን ቢያሳዩ ጥርጥርን ያስወግዳል። ካህናት ደግሞ የቅዱስ ቍርባንን ጥንቃቄ ለሕፃናት ስንነግር፥ ከቆረቡ በኋላ ልማደ አንስት ቢመጣ ኀጢአት አለመሆኑን በዚያው ጊዜ እንጨምር። አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፤ የአንዲትን ነፍስ ሸክም ግን ታነሣለች።

በቀጠሮው ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ስብሰባ ሄድን። ወላጆች የምናወግዝ መስሏቸው ጠበቁን። መጽሐፉን በእጃችን ይዘን ከላይ የጻፍነውን ተናገርን፤ ለሕፃናቱ ስለ ተናገርነው ቃልም ይቅርታ ለመንን። ትምህርቱ እንዲሰጥ፥ መጽሐፉም ለወላጆች እንዲታይ ስምምነት ሆነ። ሁሉ ደስ አላለውም። አንድ አባት፦ «እርስዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ልጄን አላስገባም» ብሎ ሄደ። ይህን ሰው አንነቅፈውም፤ ልጁን የሚወድድ ሰው ነው። ከእርሱ ጋር እስከ ዛሬ በየጊዜው እንነጋገራለን፤ በቅርቡም ሚስቱ ለልጃቸው በቤት ነገሩን እንዳስረዳቻት አጫውቶናል። ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያቺ ልጅ ለልደት በዓል መጣች። በዚያ ሌሊት በወር አበባዋ ስለ ነበረች ከእናቷ ጋር በውጭ ቆማ አደረች። በነግህ ስናልፍ አየናት፤ ነጠላዋን ተከናንባ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ትጸልያለች። በፍልሰታም እንደ ገና ቆረበች። ነገር ግን ያለ ጥፋቷ ከጸሎት ርቃ የኖረችባቸውን ወራት ማንም ሊመልስላት አይችልም። ስለ እነዚያ ወራት እግዚአብሔር እኛን ይጠይቀናል።

በየቤታችሁ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሞላት ልጅ፥ ጕርምስናው የቀረበ ወንድ ልጅ ያላችሁ ሁሉ፥ ይህን ያነበባችሁበት ሳምንት ሳያልፍ ልጃችሁን ለብቻ አስቀምጣችሁ ተናገሩ። ቃል ቢያጥራችሁ ከላይ ያለውን አንብቡላቸው። ኢያኢሮስ ስለ ልጁ ከጌታ እግር በታች ወድቋል፤ እኛ የተጠየቅነው ከልጃችን አጠገብ እንድንቀመጥ ብቻ ነው። የኢያኢሮስን ልጅ እጇን ይዞ ያስነሣ አምላክ ልጆቻችንን በሥጋም በነፍስም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።